ማየትና መጠየቅ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ሆኜ በፊታችሁ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የመረጥሁት ርእስ ረጅም ጉዞ ነው። ይኸውም በአንድ ቀን ወጥቶ የመመለስ ሽርሽር ሳይሆን፣ ወራት የሚፈጅ፣ አንድ ጊዜ ተራራና ዋሻ እያዩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዘመድ ቤት እያደሩ የሚሄዱት ጉዞ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ ባለፈው ክረምት ለሁለት ወር ተኩል አድርጌአለሁ፤ ከእርሱም ያገኘሁትን ለናንተ ለማካፈል እሞክራለሁ።

በቋንቋችን አንድን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየትን «መጠየቅ» እንለዋለን። «አያትህን ጠይቀሃል ወይ?» ሲባል «ሄደህ አይተሃቸዋል ወይ?» ማለት ነው። አባቶቻችን ለዚህ ነገር ይህን ቃል የመረጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። አገርን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ንግግሬም ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት ላይ የቆመ ነው።

በመጀመሪያ የጉዞውን ምክንያት ልግለጽ። አባቴ ተወልደው ያደጉት በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ ነው። በወጣትነታቸው እንደ ብዙዎቹ የአገራቸው ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ የሽመና ሥራ ያዙ። እናቴ የሐረር ልጅ ናቸው፤ ታላቅ እኅታቸው ደግሞ ባሌ ሮቤ አግብተው ይኖራሉ። እንግዲህ እኔና እኅቶቼ የአዲስ አበባ ልጆች ስንሆን ዘመዶቻችን በሦስት ማዕዘን ተበትነው ይገኛሉ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተና እንዳለቀ አባቴ ጠርተው እንዲህ አሉኝ፤ «በሚመጣው ዓመት ፈተናህን ስታልፍ ወደ ተመደብህበት ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለህ፤ ከዚያም ሥራ ይይዝሃል። ዘመዶችህን ለማወቅ ጊዜ ያለህ በዚህ ክረምት ነው።» እርሳቸው ሥራቸውን ትተው መሄድ ስላልቻሉ የእናቴ ወንድም አጎቴ ይዘውኝ እንዲሄዱ ተስማሙ። አጎቴ ብዙ ዘመን የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በየመንገዱ የት ጥሩ ሽሮ እንደሚገኝ፣ የት ጭጋግ እንደሚወርድ በቃላቸው ያውቃሉ።

ከመነሣታችን በፊት አጎቴ ሁለት ደብተር ገዝተው ሰጡኝና «በአንደኛው ያየኸውን ጻፍ፤ በሁለተኛው የጠየቁህን ጻፍ» አሉኝ። የፊተኛው ትእዛዝ ገብቶኝ ነበር። የኋለኛው የገባኝ ግን በመንገድ ላይ ነው።

በሰኔ መጨረሻ ከለቡ ጣቢያ በባቡር ተሳፍረን ወደ ድሬዳዋ ጉዞ ጀመርን። የጥንቱ የፈረንሳዮች ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ እንደ ገባ በታሪክ ትምህርት ተምረናል። እኛ የተሳፈርንበት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ነው። መተሐራ ስንደርስ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የሚሄደውን የበሰቃን ሐይቅ፣ አለፍ ብሎም በፈንታሌ ተራራ ሥር የፈሰሰውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አየን። ከድሬዳዋ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን ከቆላው ሙቀት ወደ ሐረር ነፋሻ አየር ገባን።

ስለ ሐረር ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ አላስረዝምም። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ፣ በውስጡም የሚገኙት 82 መስጊዶችና እጅግ ጠባብ የሆኑት መንገዶች እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እኔን ከሁሉ ያጓጓኝ ግን ጅብ ነበር። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቦቹን ወደሚቀልበው ሰው ሄደን፣ በእንጨት ጫፍ ሥጋ ይዤ ለአንድ ትልቅ ጅብ አጎረስሁ። ልቤ እንደ ከበሮ እየመታ ወደ ቤት ስመለስ ጀግንነቴን ለአያቴ አወራሁላቸው። አያቴ እስኪበቃቸው ሳቁ። «ለዚህ ገንዘብ ከፈላችሁ? እናትህ እኮ በልጅነቷ ማታ ሱቅ ስልካት፣ ጅቡ በመንገዱ ሲመጣ ግድግዳውን ተጠግታ ታሳልፈው ነበር!» አሉኝ።

ከዚያች ሌሊት በፊት እናቴን ልጅ ሆነው አስቤአቸው አላውቅም ነበር። በሚቀጥሉት ቀኖች ጎረቤቶች ሊጠይቁን ሲመጡ ማንም ስሜን የጠየቀኝ የለም፤ ሁሉም በእናቴ ስም «የእርሷ ልጅ» እያሉ ጠሩኝ። እናቴ የተማሩበትን ክፍል፣ ከወደቁ በኋላ ጠባሳ የተዉባቸውን የድንጋይ ደረጃ አሳዩኝ። ግንቡንና በሮቹን ማንኛውም መንገደኛ ሊያያቸው ይችላል፤ ያንን ደረጃ ግን ለኔ ካልሆነ ለማንም አያሳዩትም።

ሦስት ሳምንት ከቆየን በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን፣ ልብሳችንን ቀይረን፣ በሻሸመኔ በኩል ወደ ባሌ አቀናን። በዲንሾ አጠገብ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን የደጋ አጋዘን በመንጋ አየነው። ሮቤ ከደረስን በኋላ የአክስቴ ባል፣ መምህር ናቸው፣ አንድ ቀን ማለዳ ወደ ሰነቲ አምባ ወሰዱን። ሰነቲ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው፤ በላዩም ላይ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ይነሣል። በነሐሴ በዚያ ቦታ የሚነፍሰው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ጅብራ የሚባለው ተክል በጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ የፍልፈል ጉድጓድ ሲያደባ አየን። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበዙት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። መምህሩ እንዳስረዱን ዋነኛ ጠላታቸው ጥይት ሳይሆን ከሰፈር ውሾች የሚተላለፍባቸው የእብድ ውሻ በሽታና የመሳሰለው ደዌ ነው።

ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻም ሄደን ነበር። የወይብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ ሰርስሮ በውስጡ ያልፋል፤ የዋሻው ርዝመት 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ስለ ነበር ዘልቀን ልንገባ አልቻልንም፤ በአፉ ላይ ቆመን እንደ ቤተ መንግሥት ምሰሶ የተጠረቡ የሚመስሉትን ዓምዶች ተመልክተን ተመለስን።

አክስቴ በእነዚህ ሁሉ ቀኖች የገብስ ገንፎ እያቀረቡ፣ ልብሳችንን በእሳት እያደረቁ አስተናገዱን እንጂ ብዙ አልተናገሩም። እናቴንና እርሳቸውን ርቀትና ኑሮ ለይቷቸው ከተያዩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በመጨረሻው ማታ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለን ሳለ «እናትህ እንጀራ ስትጋግር አሁንም ታንጎራጉራለች?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን፣ ታንጎራጉራለች» አልኋቸው። አክስቴም ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እስኪመለሱም ጥቂት ቆዩ። ያን ሌሊት በአንደኛው ደብተር ላይ ስለ ሰነቲ አራት ገጽ ጻፍሁ፤ በሁለተኛው ላይ የጻፍሁት ይህችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር። ዛሬ ሁለቱን ደብተሮች ሳነብ የምትከብደኝ አንዷ መስመር ናት።

ከባሌ ተነሥተን በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ አልፈን አርባ ምንጭ ወረድን። ከተማው ከፍ ብሎ ሲታይ በስተ ቀኝና በስተ ግራው ሁለት ሐይቆች ተዘርግተዋል፤ ከጣና ቀጥሎ በአገራችን በስፋት ሁለተኛ የሆነው ዓባያ በደለል ምክንያት ቀላ ያለ ሲሆን፣ ጫሞ ግን ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው ያለውን የምድር ሸንተረር ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። በጫሞ ላይ በጀልባ ሄደን፣ ከጀልባችን የሚረዝሙ የሚመስሉ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ አየን። አጎቴ ሕይወታቸውን ሁሉ ገደል ለገደል የነዱ ሰው ሲሆኑ፣ በዚያች ጀልባ ላይ ግን እጄን ጨብጠው ይዘውኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዞዬ ዋና ክፍል ደርሻለሁ። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ዳገት ላይ ይገኛል። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ የሚሠራ፣ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት የሚከደን ረጅም ቤት ነው፤ ከፊት ለፊቱ ሲያዩት የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ሲሄድ የተበላውን ይቆርጡታል፤ ስለዚህ ቤቱ ከባለቤቱ ጋር እያረጀ ያጥራል። አስፈላጊ በሆነ ጊዜም የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። አባቴ የተወለዱበት ቤት ዛሬ አጥሮ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ሆኗል።

በዚያ ቤት አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ተቀበሉኝ። አያቴ የሚናገሩት በዶርዜ ቋንቋ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ሽሮ ሜዳ በአማርኛ ያደግሁ ነኝ። ስለዚህ በመካከላችን የአጎቴ ልጅ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ልጅ፣ አስተርጓሚ ሆኖ ተቀመጠ። የገዛ አያትን በአስተርጓሚ ማነጋገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ቀልዱ ከመድረሱ በፊት ይቀዘቅዛል፤ ምርቃቱም በሰው አፍ ዞሮ ሲመጣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

አባቴ ለእናታቸው በእጃቸው የሠሩትን አራት ድርብ ጋቢ አስይዘውኝ ነበር። አያቴ ጋቢውን ተቀብለው አላዩትም። ጠርዙን በጣታቸው እየዳበሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት፤ የፈትሉን ጥብቀት በአውራ ጣታቸው መረመሩ። ከዚያም አንድ ቃል ተናገሩ፤ የአጎቴ ልጅም «እጁ አልተለወጠም ይላሉ» ብሎ ተረጐመልኝ። በዚህ ጊዜ አጎቴ ወደ ፊታቸው ጠጋ ብለው ተመለከቱና ዝም አሉ። የአያቴ ሁለቱም ዐይኖች በሞራ ተሸፍነው ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። እኛ ቤት በየሳምንቱ እሑድ ወደ ዶርዜ ስልክ ይደወላል። በየሳምንቱም አያቴ «ደኅና ነኝ» ይላሉ። አባቴም «ደኅና ነን» ይላሉ። ሁለቱም የሚሉት አንዱ ለሌላው እንዳይጨነቅ ነው። አያቴ ዐይናቸው እየጠፋ መሆኑን ለልጃቸው ያልተናገሩት፣ ልጃቸው የኔንና የእኅቶቼን የትምህርት ቤት ወጪ ለመሸፈን ሌሊትና ቀን እንደሚሠሩ ስላወቁ ነው። የዶርዜ ሸማኔዎች ለመስቀል በዓል ወደ አገራቸው እንደሚወጡ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አባቴ ግን በዚሁ ምክንያት ለዘጠኝ ዓመት አልሄዱም። እንግዲህ እኔ በዚህ ትምህርት ቤት የተማርሁበትን ዋጋ አባቴ በገንዘብ ሲከፍሉ፣ አያቴ ደግሞ ልጃቸውን ባለማየት ይከፍሉ ኖረዋል።

በስልክ «ደኅና ነኝ» የሚለውን ቃል እንሰማለን፤ ጋቢውን የምትዳብሰውን እጅ ግን አናይም። ቋንቋችን ዘመድን ማየት «መጠየቅ» ያለው ለዚህ ይመስለኛል። በቦታው የተገኘ ሰው ያልተነገረውን መጠየቅ ይችላል፤ በሩቅ ያለ ሰው ግን የተነገረውን ብቻ ይሰማል።

የዮሴፍን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። በግብፅ ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ ለወንድሞቹ ራሱን በገለጠ ጊዜ፣ ወዲያው የጠየቀው አባቱ በሕይወት መኖሩን ነበር። ከታሪክ መጻሕፍትም የታንጀሩን ሰው ኢብን ባጡጣን እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1325፣ በሃያ አንድ ዓመቱ ከሞሮኮ ወጥቶ ግብፅን፣ መካን፣ ሕንድን አየ፤ በእኛው አካባቢም ዘይላን ጐብኝቶ ስለ ከተማይቱ የዓሣና የግመል ደም ሽታ ጽፏል። በዘመኑ እንደ እርሱ ብዙ አገር ያየ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1348 ደማስቆ ሲደርስ አባቱ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት እንደ ሆነው ሰማ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞሮኮ ሲገባም እናቱ ከጥቂት ጊዜ በፊት በወረርሽኝ ሞታ ቆየችው። ዓለምን ሊያይ ችሏል፤ እናቱን ሊጠይቅ ግን ጊዜው አልፎበታል።

ይህን ስል ተራራ መውጣትና ዋሻ ማየት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ታላላቆቻችን «ዘመድ ከጠየቅህ ይበቃል፤ በድንጋይና በአውሬ ምን ትሠራለህ?» ይሉናል። አንዳንድ ጓደኞቼ ደግሞ በተቃራኒው «በዘመድ ቤት ቡና ሲጠጡ መዋል ጊዜ ማባከን ነው» ይላሉ። በኔ አስተያየት ሁለቱም አንድ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ቀይ ቀበሮውን ለማየት በሰነቲ ብርድ ሦስት ሰዓት ዝም ብዬ መጠበቅን ተምሬአለሁ፤ የአክስቴን ጥያቄ ለመስማትም ያስፈለገኝ ያው ትዕግሥት ነበር። ጅብ ለማየት ባልሄድ ኖሮ አያቴም የእናቴን የልጅነት ነገር ባላነሡልኝ ነበር። ማየት ዐይንን ያነቃል፤ መጠየቅ ደግሞ የነቃው ዐይን ወደ ማን መመልከት እንዳለበት ያሳያል።

በመስከረም መጀመሪያ ስመለስ ለአባቴ ሁለተኛውን ደብተር ሰጠኋቸው። ሁሉንም ካነበቡ በኋላ ብዙ ቆይተው «ዐይኗን ምን ያህል ጊዜ ሆነው?» ብቻ አሉ። በዚያው ወር፣ ለመስቀል፣ የሽመናውን ሥራ አቁመው ወደ ዶርዜ ወጡ። አያቴንም ወደ አርባ ምንጭ ይዘዋቸው ወርደው አንደኛው ዐይናቸው ታከመ። የሞራ ቀዶ ሕክምና ረጅም ሰዓት የማይፈጅ ሥራ መሆኑን የነገሩን ሐኪሙ ናቸው። ሁለተኛው ዐይን ገና ይቀራል። አያቴ አሁን ጋቢውን እያዩት ይለብሱታል፤ በስልክም «ደኅና ነኝ» ሲሉ አባቴ «የቱ ዐይን ነው ደኅና?» ብለው ይጠይቋቸዋል።

ታናናሾቼ ተማሪዎች፣ እናንተም ክረምት ሲመጣ መንገድ ስትነሡ የሚጠቅማችሁ መስሎ የታየኝን በአጭሩ ልናገር።

አንደኛ፣ መንገዱን ከሚያውቅ ታላቅ ሰው ጋር ሂዱ፤ የመንገዱንም ደኅንነት አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተዘጋ መንገድ ካለ ወደ ሌላው ዘመድ ሂዱ፤ ጉዞ የግትርነት መፈተኛ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዘመድ ቤት ስትገቡ እንደ እንግዳ ተቀምጣችሁ አትብሉ። ውሃ ቅዱ፣ እንጨት ፍለጡ፣ ለሕፃናቱ ትምህርታቸውን አስጠኑ። ብዙው ወሬ የሚወራው በሥራ መካከል ነው።

ሦስተኛ፣ የአያቶቻችሁን ቋንቋ የማታውቁ ብትሆኑ ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ቃላት አጥኑ። እኔ በዶርዜ አራት ሳምንት ቆይቼ ሰማንያ ያህል ቃላት ጽፌ መጥቻለሁ፤ አሁንም እሑድ እሑድ በስልክ አያቴን በገዛ ቋንቋቸው ሰላም እላቸዋለሁ። አነጋገሬ ያስቃቸዋል፤ ነገር ግን ሳቁ ያለ አስተርጓሚ ይደርሰኛል።

አራተኛ፣ የዘመዶቻችሁን ስም ጻፉ። ከጉዞው በፊት በስም የማውቃቸው ዘመዶቼ አሥራ አንድ ነበሩ። ዛሬ በደብተሬ ላይ የስድሳ ሦስት ሰዎች ስም፣ ከማን እንደ ተወለዱና የት እንደሚኖሩ ተጽፎ ይገኛል።

በመጨረሻ፣ የዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየአቅጣጫው እንበተናለን። ይህ ትምህርት ቤት ማንበብና ማሰብ ያስተማረን ሁለተኛ ቤታችን ነው። ብዙ አገር እንድናይ እመኛለሁ። ነገር ግን መምህሮቻችን ከሩቅ ሆነው «ደኅና ነን» ቢሉን በዚያ ብቻ ረክተን እንዳንቀር፣ በየጊዜው ተመልሰን የምንጠይቃቸው እንድንሆን ለራሴም ለጓደኞቼም አደራ እላለሁ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፣ ወላጆቻችንንና አገራችንን ይባርክልን።